ከቱሪን እስከ ባካው አንድ ድስት ነው

ጎረቤቴ ቶአደር መንገድ የሚለካው በድስት ነበር። ቱሪን ከዚህ ምን ያህል ይርቃል ብሎ ለጠየቀው ሰው ኪሎሜትር አይነግርም፤ «አንድ ድስት ሳርማሌ ነው» ይላል። ሳርማሌ በጨው ውሃ በከረመ የጥቅል ጎመን ቅጠል ስጋና ሩዝ እየጠቀለልን በዝግታ የምንቀቅለው ምግባችን ነው፤ እሳቱን ቢያጣድፉት ያራል እንጂ አይበስልም። ሚስቱ ሳፍታ ጣሊያን አገር፣ ቱሪን ላይ አውሮፕላን ልትሳፈር ስትል ትደውልለታለች። እሱ ድስቱን ይጥዳል። ጎመኑ ልስልስ ሲል እሷ እዚህ ሩማንያ፣ ባካው ከተማ ወርዳለች። በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሞላ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ለመንደራችን ቅርብ ነው።

«ልጁን ሊያይ ወደ ቡካሬስት በባቡር የተነሳ ሰው ገና መንገድ ላይ እንቁላሉን ሲልጥ፣ የእኔ ሚስት ከጣሊያን ገብታ ጫማዋን አውልቃለች» ይል ነበር የመንደሩ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ። «ታዲያ የራቀው ማነው? ሳፍታ ናት ወይስ የእናንተ ልጆች?»

«እንዲህ ከቀረበችማ ጥራና ድንች አስልጣት» አልኩት አንድ ቀን። «ምን በወጣህ ነው በየቀኑ ድንቹን ከነልጣጩ የምትበላው?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ግን ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር።

ሩክሳንዳ እባላለሁ። ባሌን ከቀበርኩ ቆየሁ። ከቶአደር የሚለየኝ የእንጨት አጥር ነው፤ እሱም ቢሆን ግማሹ ወድቋል፤ የሚያነሳው ጎረምሳ በመንደሩ የለም። ምላሰኛ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ። ሰው ሊሞት ሲል ግን የሚጠሩት እኔን ነው። በእኛ ዘንድ ሰው በጨለማ አይሞትም። ነፍሱ ልትወጣ ስትል የበራ ሻማ በእጁ ይይዛል፤ አቅም ካጣ ሌላ ሰው እጁን በእጁ ደግፎ ያስይዘዋል። ሻማ ሳይዝ የሞተ ሰው በወዲያኛው ዓለም መንገዱን በዳበሳ ይፈልጋል ይባላል። ሰው ጠላቱን ሊረግም ሲፈልግ «ሻማ የሚይዝልህ አትጣ» የሚለውን ምርቃት ገልብጦ ነው የሚረግመው። ከዚህ የከፋ እርግማን አናውቅም።

ቶአደር በድሮው መንግሥት ጊዜ የኅብረት እርሻው ትራክተር ነጂ ነበር። ሞተር በጆሮው ያክማል ይባልለት ነበር። ኮረብታ ማዶ የሚያርስ ትራክተር ሰምቶ «ዘይት ጎድሎታል፤ ያ ደነዝ ሊያቃጥለው ነው» ይላል፤ ሄደው ሲያዩት እውነቱን ነው። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ እርሻው ፈረሰ፤ ትራክተሮቹ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። የራሱን ሲጭኑት ቆሞ አየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ አግኝቶ አያውቅም ብል አላጋነንኩም፤ እዚህ እንጨት ይፈልጣል፣ እዚያ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ እንዲሁ ከእጅ ወደ አፍ።

ሳፍታ የሄደችው ጣሪያው ስለሚያፈስ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበራትም። በማድጋና በሳፋ ውሃ ሲቀበሉ ማደር አንገሸገሻት። «አንድ ዓመት ሠርቼ ጣሪያውን እንቀይርና እመጣለሁ» አለች። ያኔ ወደ ጣሊያን የሚኬደው በአውቶቡስ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ጉልበትህን አጥፈህ ትሄዳለህ፤ ድንበር ላይ ደግሞ ጎብኚ ነኝ ብለህ ትዋሻለህ። ሳፍታ በሕይወቷ ጎብኝታ የምታውቀው የእናቷን መቃብር ነው።

ጣሪያው ተቀየረ። አዲስ ጣሪያ ሲወጣ ግድግዳው አፈረባቸው። ግድግዳው ሲታደስ ፎቅ ይጨመርበት ተባለ። ፎቅ ካለማ ሰገነት ምን አለበት ተባለ። በመካከሉ ልጃቸው ዶይና እናቷን ተከትላ ሄደችና እዚያው አገባች፤ የልጅ ልጅ ተወለደ፤ እዚያው ጣሊያንኛ ተናገረ። ሳፍታም በዓመት አንዴ፣ በነሐሴ፣ ለጥቂት ቀን ብቅ የምትል እንግዳ ሆነች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብዬ ስናገር ቶአደር ሰምቶኝ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ።

ቤቱን ብታዩት ያምራል ትላላችሁ። ሮዝ ቀለም፣ ነጭ መስኮት፣ ብረቱ የተጠማዘዘ ሰገነት። መንደራችን በእንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል፤ ባለቤቶቹ ጣሊያንና ስፔን ናቸው፤ ቁልፎቹ እኔን በመሰሉ አሮጊቶች ኪስ ውስጥ ይንቃጨላሉ። ቶአደር ግን እዚያው ቤት እያለ አልኖረበትም። የሚኖረው ጓሮ ባለችው የበጋ ማድቤት ነው። በሙቀት ወራት ጭሱ ከቤት እንዲርቅ ተብላ የተሠራች አንዲት ክፍል ናት፤ ምድጃ፣ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የማርያም ሥዕል፣ አለቀ። ትልቁ ቤት የሚገባው ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮት ሊከፍት ነው፤ ያንንም ጫማውን ደጅ አውልቆ በካልሲ።

«ለምን አትገባበትም?» አልኩት አንድ ክረምት፣ ጢሙ ላይ በረዶ እያየሁ።

«ሳፍታ ስትመጣ ንጹህ ሆኖ ይጠብቃት።»

«ሳፍታ ስትመጣ አንተ በብርድ ደርቀህ ትጠብቃታለህ። ወለል ላይ ነው የምትተኛው ወይስ ባሏ ላይ?»

«አንቺ ሴት፣ አፍሽን በሳሙና እጠቢው» አለኝና እየሳቀ ገባ።

አንድ ጊዜ እሱም ሊሄድ ተነስቶ ነበር። የልጅ ልጁ ክርስትና ሲነሳ ዶይና ቲኬት ቆርጣ ላከችለት። ሽክ ብሎ፣ የሠርጉን ኮት ለብሶ፣ በብብቱ አንድ ጠርሙስ ይዞ ወጣ። ጠርሙሱ የጓሮውን የፕለም ፍሬ አፍልቶ ራሱ ያወጣው አረቄ ነው፤ እኛ አገር ክርስትና ያለ አያት አረቄ አይደምቅም። አውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ላይ ጠባቂው፣ ልጅ እግር ነው፣ «ጋሼ፣ ፈሳሽ ይዘው አይገቡም፤ እዚያ ቅርጫት ውስጥ ይጣሉት» አለው።

«ምኑን?»

«ጠርሙሱን።»

«ልጄ፣ አንተ ክርስትና ተነስተሃል?»

«ተነስቻለሁ ጋሼ።»

«አያትህ አረቄውን ቆሻሻ ውስጥ ጥሎት ነው የተነሳኸው?»

ልጁ ሳቀ፤ ቅርጫቱ ግን ቅርጫት ነው። ቶአደር አልጣለም። በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በጠርሙሱ ክዳን ለአላፊ አግዳሚው እየቀዳ፣ የልጅ ልጁን ስም እያስጠራ፣ አስመረቀ። ጠርሙሱ ሲያልቅ አውሮፕላኑ ሄዷል። ሲመጣ አጥሩ ላይ ሆኜ አየሁት፤ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ እሱ አለቀሰ። ትልቅ ሰው በሠርጉ ኮት እጅጌ አፍንጫውን ሲጠርግ ማየት ደስ አይልም። «ለእሷ አንድ ድስት ነው» አለኝ፤ «ለእኔ ግን አይበስልም።» ከዚያ ወዲያ ልሂድ ብሎ አያውቅም።

ሳፍታ ቱሪን ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት የምታስታምም ናት። ከአልጋ ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፤ ሲሞቱ ደግሞ ሌላ ቤት ትፈልጋለች። ሦስት ጣሊያኖች በእጇ ላይ ሞተዋል። ለሦስቱም ሻማ አብርታ በእጃቸው አስይዛለች። የአንደኛው ልጅ ነገሩ ግራ ገብቶት «መጋረጃው እንዳይቃጠል» ብሎ ባልዲ ውሃ ይዞ አጠገቧ ቆሞ ነበር አሉ። ይህን ስትነግረን ሳቅን። ኋላ ግን ቶአደር «ለባዕድ ሦስት ጊዜ ይዛለች» አለ። «ለእኔ አንድ ጊዜ ትይዝልኛለች፤ ሌላ የምለምናት ነገር የለኝም።»

ሻማውም ተዘጋጅቶ ነበር። አንድ ዓመት እንደ ምንም ብላ ለትንሣኤ መጥታ ሁለቱ በአንድ ሻማ ከቤተ ክርስቲያን ብርሃን ይዘው ገቡ። ግማሹ ሲቀር አጥፍተው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከማርያም ሥዕል ኋላ ሸጎጡት። ጨርቁን በየጊዜው ፈትቶ አይጥ እንዳልበላው ያያል።

ባለፈው መኸር ሳል ጀመረው። የሳሉ ዓይነት አላማረኝም፤ ባሌም እንዲሁ ነበር የጀመረው። ከተማ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ራጅ አነሱት፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ቤቱ ቢሆን ይሻላል አሉን። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ አይጠፋኝም። እሱም አልጠፋውም። ሲመለስ ትልቁ ቤት እናስተኛህ ብለነው እምቢ አለ፤ ማድቤቱ ውስጥ ገብቶ ተኛ።

«ለሳፍታ ልደውል» አልኩት።

«ተይ።»

«ምን ማለት ነው ተይ? ሚስትህ አይደለችም?»

«ሩክሳንዳ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው እኮ። ምን አጣደፈሽ? የምታስታምማት አሮጊት ክፉኛ ታማለች፤ አሁን ጥላት ብትመጣ ሌላ ሰው ይቀጥሩባታል። ሲብስብኝ ትደውይላታለሽ፣ ድስት ትጥጃለሽ፣ ትደርሳለች። ሻማውን ትይዝልኛለች፤ አበቃ።»

«ሞትን የቀጠርከው በአውሮፕላን ሰዓት ነው?»

«እሱም ቢሆን ከእኔ ጋር ትንሽ ይቀመጣል፤ አረቄ አለኝ» አለና ሳሉ ቀጠለ።

የቶአደር ብቻ ሞኝነት አይደለም፤ የአገሩ ሁሉ ነው። ድሮ መንገዱ ሁለት ቀን ሲፈጅ ሰው ይፈራ ነበር፤ ገና ጉንፋን ሲይዘው ልጆቹን ያስጠራል። አውሮፕላኑ ከመጣ ወዲህ ቅርብ ነው፣ ቅርብ ነው እያለ ይተኛል። በዚያ ማዶ ያሉትም ቅርብ ነው እያሉ ይቀመጣሉ። ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። ቤሳ በሌለበት ዘመን በአውቶቡስ ተጨናንቀው ለቀብር የሚደርሱ ልጆች አውቃለሁ፤ አሁን ቀብሩን በስልክ መስኮት ነው የሚያዩት።

ረቡዕ ጠዋት ሾርባ ይዤለት ስገባ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ቃሉን አላከበርኩለትም፤ ወደ ጓሮ ወጥቼ ደወልኩ።

«ሳፍታ፣ ነይ» አልኩ። ሌላ አላልኩም።

«ምን ያህል ብሶበታል?» አለችኝ። ሥራዋ ነውና አጠያየቁን ታውቅበታለች። «እየበላ ነው? እግሩ አብጧል? ጥፍሩስ?»

ነገርኳት።

«ትናንት ብትደውይልኝ ኖሮ» አለች። «አውሮፕላኑ ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው ሩክሳንዳ። በሌላ ከተማ ዞሮ የሚመጣውን ጠይቄ ልይ።»

ጠየቀች፤ ሞልቷል። በአውቶቡስ ብትነሳም ከቅዳሜው አውሮፕላን አትቀድምም። የአሮጊቷ ልጆች ምትክ ሳታመጪ እንዴት ትሄጃለሽ ብለው ተቆጧት፤ «አባረውኝም ቢሆን ቅዳሜ እመጣለሁ» አለችኝ። በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀኑ እስኪደርስ ያለውን ግን ቶአደር በድስቱ ለክቶት አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ትመጣለች ስለው አልተቆጣኝም። ፊቱ ፈካ። «ጎመኑን ከማሰሮው አውጪና ጨዉን እጠቢለት» አለኝ። «ስጋው ላይ አትሰስቺ።» ሐሙስና ዓርብን እንዴት እንደተሻገረ እግዜር ይወቅ። ካህናችን አባ ግሪጎሬ መጥተው አናዘዙት፤ አቆረቡት። ሲወጡ በሩ ላይ «ሻማውን አታርቂው» ብለውኝ ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት የማድቤቱን በር ስከፍት ትልቁ ቤት የለም። እውነቴን ነው፤ ከሲረት ወንዝ የተነሳው ጭጋግ ሮዙን ቤት ከነሰገነቱ ውጦታል። ኅዳር ላይ እንዲህ ያደርገናል። ልቤ ፍርሃት ገባው፤ ለቶአደር ግን አልነገርኩትም። ከአልጋው ሆኖ መስኮቱን አይቶ «ጉም ነው?» አለኝ።

«ትንሽ ናት፤ ረፋድ ላይ ትገለጣለች» አልኩት።

ስልኩ ጮኸ። ሳፍታ ናት። ጆሮው ላይ አደረግኩለት። «ልሳፈር ነው» ስትል እኔም ሰማሁ። «ቶአደር፣ እየገባሁ ነው፤ ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ» አላት። ድምፁ እንደ ድሮው ለመምሰል ይታገላል። «የክረምት ካፖርትሽን ለብሰሻል?»

«ለብሻለሁ።»

«ነይ እንግዲህ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጣጂው» አለኝ።

ጣድኩት። ምድጃው ከአልጋው አንድ እርምጃ ነው፤ ድስቱ ሲንተከተክ እሱ ይሰማል። ትንፋሹ አጭር፣ ከዚያም አጭር ይሆን ጀመር። እንዲህ ያለ ትንፋሽ አውቃለሁ። የማርያምን ሥዕል አንስቼ ሻማውን ከጨርቁ ፈታሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ከክብሪቱ ጋር አስቀመጥኩት። አየኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ምንም፤ ልወልውለው ነው።»

«ውሸታም። ለእሷ ነው። አንቺ አትንኪው።»

«እሺ፤ ግን ቢቸግርህ...»

«አልቸገርም» አለና ቀኝ እጁን ጨበጠ። ሻማ የሚያዘው በቀኝ ነው። ጭብጡን ደረቱ ላይ አደረገው፤ እንደ ልጅ፣ ከረሜላ እንዳይወስዱበት እንደሚጨብጥ ልጅ።

ጎመኑ መሽተት ጀመረ። ስጋው ሲለሰልስ ሽታው ይለወጣል፤ ቶአደር ሽታውን እየሳበ «አሁን ተራራዎቹን አልፋለች» አለ። ትንሽ ቆየና «አሁን ሃንጋሪ ላይ ናት» አለ። ከዚያ መናገር ተወ። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ክብሪቱን ጨብጫለሁ። ብለኩሰው ይቆጣል፤ ባልለኩሰው ያመልጠኛል። እንዲህ ያለ ጭንቅ ለጠላቴም አልመኝም።

ድምፁን ከእኔ በፊት የሰማው እሱ ነው። ዓይኑን ገለጠ። አውራ ጣቱን ብቻ አነሳ። ከዚያ እኔም ሰማሁት፤ አውሮፕላኑ ከጭጋጉ በላይ እየወረደ ነው። እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ፤ መስኮቱ ነዘረ፤ የድስቱ ክዳን ተንቀጫቀጨ። በጣሪያችን ላይ አለፈ።

«መጣች» አለ።

«መጣች ወንድሜ» አልኩ። እንባዬ መጣ። እግዜርን አመሰገንኩ፤ ቸኩዬ አመሰገንኩ።

ድምፁ ግን አላረፈም። ጉልበት ጨመረና ወደ ላይ ወጣ። ዞሮ እንደገና መጣ። አሁንም በላያችን ዝቅ አለ፤ አሁንም ወደ ላይ ወጣ። ቶአደር ግንባሩን ቋጠረ።

«ምን ትዞራለች?»

«ሳፍታ ናታ፤ ሰገነቱን ሳትቆጥር ትወርዳለች?» አልኩት።

ፈገግ ሊል ሞከረ። ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ኮረብታ ማዶ የሚያርሰውን ትራክተር ሲያዳምጥ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

«ሩክሳንዳ» አለኝ፤ «ይሄ ሞተር እየሄደ ነው።»

«ተኝተህ ስለምትሰማው ነው።»

«እየሄደ ነው» አለ። ይህን ሰው በሞተር ነገር ማን ይዋሸዋል።

ክብሪቱን ጫርኩ። ሻማው በአንዴ ተቀበለኝ። ይዤለት ጎንበስ ብዬ «ቶአደር፣ እስክትደርስ እኔ ልያዝልህ፤ ለእሷ አቀብላታለሁ» አልኩት። ጭብጡን ከደረቱ አንስቶ ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተተው። አልታገልኩትም፤ ለመንኩት። የእናቱን ስም ጠርቼ ለመንኩት። አልመለሰልኝም። ዓይኑ በሩ ላይ ነው። በሩ እንደተዘጋ ነው። እንዲያ እያየ ትንፋሹ ቆመ።

ብርድ ልብሱን ገልጬ ሻማውን ከጭብጡ ጋር አጋጠምኩት፤ ጣቶቹ አልተፈቱም። ደግሞ ካለፈ በኋላ አይቆጠርም፤ ይህን እኔ አላወጣሁትም፣ እንዲሁ ነው ያገኘነው። ብዙ ሰው አስይዤ ሸኝቻለሁ። ቶአደርን በጨለማ ሰደድኩት። ሻማው በእጄ እየበራ ነው የምለው፤ እሱ ግን በጨለማ ሄደ።

ያረረ ሲሸተኝ ነው ድስቱ ትዝ ያለኝ።

ሳፍታ የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ባካው በጭጋጉ ምክንያት አላስወረዳቸውም፤ አውሮፕላኑ ያሽ ከተማ ወስዶ አራገፋቸው፤ ከዚያ በታክሲ መጣች። ሴቶች ተሰብስበን ነበር፤ አጥበን ልብስ ቀይረንለታል። በሩ ላይ ቆማ ማንንም አልጨበጠችም።

«ሻማ ይዟል?» አለችኝ።

ይዟል ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የሳፍታ ዓይን ቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ሄዷል። ሻማውን አነሳች፤ በጣቷ ለካችው። የአንድ ጥፍር ያህል እንኳ አልቀለጠም። ይህች ሴት ሦስት ሰው አስይዛለች፤ ምን ያህል እንደሚቀልጥ ታውቃለች።

«አንቺን ሲጠብቅ ነው» አልኩ። «ለምኜው ነበር።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጭብጡን በሁለት እጇ ያዘችና በአውራ ጣቷ አሸችው፤ ቀስ እያለች፣ የሥራዋን ያህል ቀስ እያለች። አልተከፈተም። ሞቅ ያለ ውሃ ላምጣ አልኳት።

«ተይው፤ እሱ እምቢ ካለ እምቢ ነው» አለችና ሻማውን ደረቱ ላይ አደረገችው። ከዚያ «መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አውሮፕላኑ ቤቱ ላይ ዞሮ ሲሄድ።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ» አለች። «ከበታቼ ነጭ ብቻ ነው። አብራሪው ደርሰናል ብሎን ቀበቶ አስረን ነበር። እኔም ደርሻለሁ ልለው ስልኬን አውጥቼ ይዤዋለሁ።»

ሳፍታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተነስታ የድስቱን ክዳን ከፈተች። ከላይ ያሉት ጥቂቶቹ ተርፈዋል፤ ከሥር ያሉት ከሰል ሆነዋል። ሳህን አወጣች፤ ያረረውን ፋቅ ፋቅ አድርጋ ለራሷ ጨለፈች። ከሥዕሉ ሥር ተቀምጣ በላችው። ሳፍታ፣ ይመራል እኮ፣ ተይው አልናት። ሳህኑን ጨርሳ ነው የተነሳችው።

ሰኞ ቀበርነው። ቀብሩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቁ ቤት ሰው ሞላበት፤ ሰዉ በጭቃ ጫማው ወለሉን ረገጠው፤ ሳፍታ አንድም ቃል አልተናገረችም። ማክሰኞ ጠዋት ሁለቱን በሮች ቆልፋ ቁልፎቹን ሰጠችኝ። የአሮጊቷ ልጆች ካልተመለሽ ብለዋታል፤ ዶይናም ልጅ የሚይዝላት የለም። እዚህ ምን ትሁን? ቤቱን ትጠብቅ?

ሳይቀበር ከደረቱ ያነሳችውን ሻማ በነጩ ጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስታስገባ አየኋት።

«ለማን ነው የምትወስጂው?» አልኳት። «እዚያ ሌላ ሻማ የለም?»

«ለራሴ» አለችኝ። «የሚያስይዘኝ ባላገኝም ሻማው ይኑረኝ።»

የዚያን ቀን ጭጋግ የሚባል አልነበረም። ከሲረት ወንዝ ማዶ ያሉት ኮረብቶች እንኳ ዛፋቸው ይቆጠር ነበር። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ተነሳ፤ አጥሩ ላይ ቆሜ ጭራው እስኪጠፋ አየሁት። ገብቼ ባቄላ ጣድኩ፤ ለምን እንደጣድኩት አላውቅም፤ አላማረኝም ነበር። ባቄላው ገና ሳይፈነዳ ስልኩ ጮኸ።

«ደርሻለሁ» አለች ሳፍታ። «ሻማውን ፍተሻው ላይ አይተው አሳለፉልኝ።»